ንስር አይደለም

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ልኬት ነው የሚላት። ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅማ! ባንክ ቤት ስትሰለፍ እንኳ እንደ ተንጠለጠለ ነው። አንድ ቀን ጥበቃው፣ «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ እኛን ሊለኩን ነው የመጡት?» ቢላት፣ ከራሱ እስከ እግሩ አየችውና፣ «አንተንማ ሳልለካህም አውቅሃለሁ፤ የሱሪህ እግር ሦስት ጣት ይረዝምሃል» አለችው። እውነትም ይረዝመው ነበር።

ሱቋ አንድ ክፍል ናት። በግራ በኩል ሁለት የልብስ ስፌት መኪናዎች፣ ራስ የሌለው የልብስ መስቀያ አሻንጉሊትና እስከ ጣሪያ የተደራረበ ጨርቅ አለ። በቀኝ በኩል፣ መስኮቱ ሥር፣ የወንድሟ ልጅ ስልክ የምትጠግንባት ጠረጴዛ ትገኛለች። ወንድሟ ለሥራ ርቆ ሲሄድ ልጅቷን በዘጠኝ ዓመቷ ለልኬት ትቶላት፣ እነሆ ሃያ አራት ሞላት። አንዷ በመርፌ፣ ሌላዋ በመበየጃ፣ ቀኑን ሙሉ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሲነታረኩ ይውላሉ። አንድ ቀን ግን ሳይተያዩ አድረው አያውቁም።

አንድ ሰኞ ልጅቷ ስልኳን እያውለበለበች ገባች። ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ማስታወቂያ በስልኳ ፎቶ አንስታ ነበር።

«አክስቴ፣ ጉድ ፈላ! የጥያቄና መልስ ውድድር ሊደረግ ነው። ሁለት ሁለት ሰው። ርዕሱን ስሚማ፤ ግማሹ የስፖርት ማስኮት፣ ግማሹ የቴክኖሎጂ ምህጻረ ቃል።»

«ይሄን ደግሞ ማነው እንደ ድሪቶ የጣጣፈው?»

«የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነዋ። ኳስ ወዳዱና የኮምፒውተር ሰዉ አንድ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ብሎ ነው አሉ። ማስኮቱ ላንቺ፣ ምህጻረ ቃሉ ለእኔ። ለእኛ ተለክቶ የተሰፋ እኮ ነው!»

ልኬት ሳቀች እንጂ እሺ አላለችም። የማስኮቱን ነገር ካነሱማ የሚያህላት የለም። እነዚያን በጨዋታ ቀን ሜዳ ዳር የሚጨፍሩ፣ ጭንቅላታቸው በርሜል የሚያህል እንስሳት መስፋት ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት ሆናት። ለመረብ ኳሱ ንብ፣ ለዋናተኞቹ አዞ፣ ለሩጫው ጥንቸል ሠርታለች። አንዱን ከመቁረጧ በፊት የዓለሙን ሁሉ ማስኮት በፎቶ ታያለች። ስፌቱ የት እንደተደበቀ፣ ለባሹ በየት በኩል እንደሚተነፍስ ታጠናለች። የመጀመሪያ ሥራዋ የከተማው እግር ኳስ ክለብ ወፍ ናት። ይህን ግን በሰፈሩ ከወንድሟ ልጅ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ማንም አልጠየቃት፣ እሷም አላወራች። «ዝም አይነቅዝም» ባይ ናት።

ሰው ፊት መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ልኬት ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። የተማረ ሰው ሰብሰብ ብሎ ካየች ያ ሁሉ ምላስ የት እንደሚገባ እንጃ።

«ልጄ፣ እኔ እዚያ ሄጄ ባሳፍርሽስ?»

«አንቺ ታሳፍሪኛለሽ?» ልጅቷ መበየጃዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው እኔም አልሄድም። አለቀ።»

ልጅቷ ስታኮርፍ ልኬት አይሆንላትም። እሺ አለች።

ሁለት ሳምንት አጠኑ። ልጅቷ ምህጻረ ቃላቱን በቁርጥራጭ ወረቀት ጽፋ በአሻንጉሊቱ ላይ በስፒል ሰካካቻቸው። አሻንጉሊቱ ላባ ያበቀለ መሰለ። ደንበኛ ልብሱን ሊለካ ሲገባ ልኬት ካፏ ስፒል ሳታወጣ፣ «ጂፒኤስ፣ ግሎባል ፖዚሽኒንግ ሲስተም… እጅዎን ዘርጋ ያድርጉልኝ… ሲም፣ ሰብስክራይበር አይደንቲቲ ሞጁል… ወገብዎ ጨምሯል» ትላለች።

«ዩኤስቢ?» ትጠይቃታለች ልጅቷ ከጠረጴዛዋ።

«ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ። እኔ የምልሽ፣ ይሄ ባስ ስንት ሰው ይጭናል?»

«ሰው አይጭንም፣ ዳታ ነው የሚጭነው!»

«እሱም እንደኛ ሰፈሩ አውቶቡስ መንገድ ላይ ይቆማል?»

«ገመዱ ከላላ ይቆማል» አለች ልጅቷ፤ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የማንበቢያ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው መድረኩ ላይ ዘጠኝ ባለ ደወል ጠረጴዛ ተደርድሯል። ኃላፊው ሕዝቡን ለማሟሟቅ የከተማውን ክለብ ማስኮት ጋብዞ ኖሮ፣ ቡናማዋ ወፍ ከመድረኩ ጥግ ክንፏን እያርገበገበች ትጨፍራለች። ሕፃናቱ፣ «ንስሩ! ንስሩ!» እያሉ ይጮሃሉ።

ልኬት ወፏን ከዓመታት በኋላ በቅርብ ማየቷ ነው። የቀኝ ክንፏን ሌላ ሰው በነጭ ክር ጠግኖታል። ቡናማ ላይ ነጭ ክር! እጇን በላት። ሌላው ሁሉ ግን እንዳለ ነው፤ ደረቷ አልላላም፣ መሃሉ የተሰነጠቀው ጅራቷም አልተጣመመም። «ጎበዝ» አለች በሆዷ፤ ለወፏ ይሁን ለራሷ እንጃ።

ከጎናቸው የተቀመጡት ከአንድ የኮምፒውተር መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ባለ መነጽር። ረጅሙ የልኬትን ሜትር አየና በትሕትና፣ «እናቴ፣ ተመልካቾች በወዲያ በኩል ነው የሚቀመጡት» አላት።

«አውቃለሁ ልጄ። ወንበሬን ስለያዝክብኝ ነው የቆምኩት።»

ባለ መነጽሩ ከት ብሎ ሳቀ። ረጅሙ ጆሮው ቀልቶ ተነሣላት።

ጥያቄው ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ልኬት ድምፅዋ ሰለለባት። የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ማስኮት ምን እንስሳ እንደነበር ሲጠየቅ «አንበሳ» ያለችውን ልጅቷ ናት ደግማ ያሰማችላት። ስለ አርሰናል ማስኮት ሲነሣ ግን አንዱ ቡድን መድፍ አለ፤ ሌላው መድፈኛ ወታደር አለ። ልኬት ደወሉን መታችና፣ «ዳይኖሰር ነው። አረንጓዴ» አለች። አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊው ካርዱን ገልብጦ፣ «ትክክል!» ሲል ያው አዳራሽ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ የልብ ልብ ተሰማት። ልጅቷም ምህጻረ ቃሉን እንደ ቆሎ ትቆረጥመው ጀመር። ዘጠኙ ቡድን አምስት፣ አምስቱ ሦስት ሆነ። በመጨረሻ እነሱና የኮምፒውተር መሥሪያ ቤቱ ልጆች አሥራ አራት ለአሥራ አራት ቀሩ።

«የመጨረሻው ጥያቄ» አለ ኃላፊው፣ «ቀላል ናት። የከተማችን እግር ኳስ ክለብ ማስኮት የትኛዋ ወፍ ናት?»

ልጅቷ በደስታ የአክስቷን ክንድ ጨበጠች። ልኬት ግን እጇ ደወሉ ላይ ደርቆ ቀረ። ካርዱ ላይ ምን እንደተጻፈ አውቃለች። ጋዜጣው የሚለው፣ ደጋፊው የሚዘፍነው፣ ሕፃኑ የሚጮኸው አንድ ነው። ያንን ብትል ዋንጫው የእነሱ ነው። ግን በገዛ እጇ የሠራችውን ነገር በገዛ አፏ ልትክደው ነው?

ደወል ጮኸ። ረጅሙ ነበር። «ንስር!»

«ትክክል! አሸናፊዎቻችን…»

«ይቅርታ» አለች ልኬት። ጭብጨባው ዋጣት። ተነሥታ ቆመች። «ይቅርታ! ንስር አይደለም።»

እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ። ኃላፊው ፈገግ ብሎ፣ «እትዬ፣ ካርዱም ይሄን ይላል፣ አገር ያወቀው ነው» አላት።

«አገር ተሳስቷል።» በጣቷ ወደ መድረኩ ጥግ አመለከተች። «ጅራቷን እዩት። መሃል ለመሃል የተሰነጠቀ ነው፣ እንደ ሹካ። ንስር እንዲህ ያለ ጅራት የለውም። ጭልፊት ናት።»

«ይህን በምን አወቁ?»

«እኔ ነኝ የሰፋኋት።»

ይህን ቃል በሰው ፊት ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ግን አንዴ ከወጣ ማን ያቆመዋል? «ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ክለቡ ማሊያ መግዣ እንኳ አልነበረውም። የያኔው ሊቀ መንበር ሥዕሉን ይዞ ሱቄ መጣ። ‹ጭልፊት ትሁንልኝ፤ ትንሽ ናት፣ ግን ከትልልቆቹ አፍ ትነጥቃለች› አለኝ። ላባዋን አንድ በአንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ላባ፣ በእጄ ነው የተከልኩት። ክለቡ ሲያድግ ጊዜ፣ ጫጩት ነጣቂ መባል አሳፈራቸው መሰለኝ፣ ንስር አሏት። እኔም ዝም አልኩ። አሁን ግን ሲጠየቅ ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል?»

ረጅሙ፣ «ማስረጃ ግን ያስፈልጋል» ብሎ አጉረመረመ።

ያኔ ነው ያልታሰበው የሆነው። ከመድረኩ ጥግ፣ ከትልቁ ጭንቅላት ውስጥ፣ የታፈነ የወንድ ድምፅ ወጣ።

«እውነቷን ነው።»

ወፏ ተናገረች! ማስኮት እንደማይናገር ሕፃን እንኳ ያውቃል። አንዲት ትንሽ ልጅ ጮኻ እናቷ ጉያ ገባች።

«እዚህ ውስጥ ተጽፏል» አለ ድምፁ። «ከዓይኔ በላይ፣ በቀይ ክር። ሰባት ዓመት ሙሉ በየጨዋታው ሳነበው ኖሬያለሁ። ‹ጭልፊት። ትንሽ ናት፣ አትፈራም› ይላል። ማን እንደጻፈው ነበር የማላውቀው።»

ኃላፊው ወደ ጥጉ ሄዶ የወፏን ጭንቅላት በጥንቃቄ ከፍ አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ፤ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ካርዱ ላይ ያለውን ቃል ሰረዘና ሌላ ጻፈበት። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ጭልፊት!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ተቀበለው። ልኬት እጇን የምታስቀምጥበት አጣች። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት፤ «አክስቴ ናት! የእኔ አክስት ናት!» ትላለች፣ ያልሰማ እንዳለ ሁሉ።

«እንግዲህ» አለ ኃላፊው፣ «ትክክለኛውን መልስ የሰጡት እርስዎ ነዎት። ዋንጫው የእርስዎና የልጅዎ ነው።»

ልኬት ራሷን ነቀነቀች። «ደወሉን አልመታሁም እኮ። ሳልመታ ነጥብ አልወስድም። እነዚህ ልጆችም ከተማው ያስተማራቸውን ነው የመለሱት፣ ምን አጠፉ? ሌላ ጠይቁን።»

ልጅቷ፣ «አክስቴ!» ብላ በክርኗ ጎሸመቻት። ልኬት ግን ወይ ፍንክች።

ሌላ ተጠየቀ። ድረ ገጽ ላይ «ሰው ነህ ወይስ ማሽን» እያለ የሚያፋጥጠው ካፕቻ ሲተነተን ምንድን ነው? ልጅቷ ደወሉን ቀድማ መታች። «ኮምፕሊትሊ አውቶሜትድ… ቱሪንግ ቴስት ቱ ቴል ኮምፒውተርስ ኤንድ ሂውማንስ አፓርት!» በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። አንዲት ቃል ግን ዘላለች። ባለ መነጽሩ ቀስ ብሎ ደወሉን ነካና፣ «ፐብሊክ ቱሪንግ ቴስት» ብሎ አሟላው።

ዋንጫው ሄደ። ልጅቷ እንባዋ ዓይኗ ላይ ግጥም አለ።

«በእኔ ነው፣ አንቺ ያን ሁሉ ሠርተሽ…»

«ዝም በይ» አለቻት ልኬት፣ ጉንጯን በመዳፏ እየጠረገች። «ያን ሁሉ ቃል በአንድ ትንፋሽ የሚደረድር ሌላ ማን አለ? አንድ ስፌት ዘለልሽ፣ እሷ ምን አላት! ስንት ሙሉ ቀሚስ አበላሽቼ ነው እዚህ የደረስኩት።»

ባለ መነጽሩ ዋንጫውን ይዞ ወደ እነሱ መጣ፤ ሊያስረክባቸው ቢሞክር ልኬት እጁን መለሰችው። «እንግዲያው» አላት፣ «ሁለተኛ የወጣችሁት በፈቃዳችሁ እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።» ረጅሙም ከኋላው ቆሞ አንገቱን ደፍቶ፣ «እናቴ፣ ይቅርታ» አለ። «ለምኑ?» አለችው፤ «ይልቅ ሰኞ ና፣ የኮትህ ትከሻ ወድቋል።»

ማክሰኞ ዕለት የክለቡ የአሁኑ ሊቀ መንበር ሱቋ መጣ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ሻይ ጠጣ፣ ዙሪያውን አየ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እትዬ፣ ንስር ቢባል ምን ነበረበት? ክብር አለው እኮ።»

«ጌታዬ፣ ንስር ከፈለጉ ጨርቅ ይግዙና ንስር ልስፋልዎ። ይቺ ግን ጭልፊት ናት። ደግሞ ንስር ያልሆነ ክለብ የት አለ?»

ሰውዬው ሳቀ። «ለነገሩ ምርጫም የለኝ። ደጋፊው ከቅዳሜ ወዲህ ስሙን ለውጦብኛል። እሑድ ይምጡልን፣ የክብር ወንበር ይዘንልዎታል። ክንፏንም ቢያዩልን…»

«ክንፏን ዛሬውኑ ላኩልኝ» አለች ልኬት። «ያንን ነጭ ክር ሳልፈታ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

እሑድ ከወንድሟ ልጅ ጋር ከፊት ወንበር ተቀመጠች። በዕድሜዋ ሜዳ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። የድምፅ ማጉያው፣ «ጭልፊታችን! ሠሪዋም ዛሬ ከመካከላችን ናት!» ሲል፣ ያ ሁሉ ሺህ ሰው ብድግ አለ። ልኬትም ብድግ አለች፤ ዛሬስ እጇን ከፍ አድርጋ አውለበለበችላቸው። ልጅቷ በቀኝ ለተቀመጠው ሰው፣ በግራ ለተቀመጠችው ሴት፣ ውሃ ለሚሸጠው ሳይቀር «አክስቴ ናት» ስትል ሰማቻት፤ ተይ ልትላት አሰበችና ተወችው።

ክለቡ የዚያን ቀን ሁለት ለባዶ ተሸነፈ። ደጋፊው አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ልኬት ብቻ እየሳቀች ነበር የወጣችው።