የጋሼ ጀማለዲን ምስክርነት

ኢክላስ ለዚህ ቃለ መጠይቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅታለች። መሳለሚያ አዲሱ ሕንፃ ላይ ያለው የሶፍትዌር ድርጅት የፕሮጀክት መሪ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ሥራ ከፈታች ስምንተኛ ወሯ ነው።

«ደንበኛ አልቀበልም ያለሽን ጊዜ ንገሪን። ምን አደረግሽ?» አለች ከሦስቱ ጠያቂዎች ዋናዋ ሎዛ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያወጣ ሰው መቼም ደንበኛ የሚባል ፍጡር ገጥሞት አያውቅም።

ኢክላስ ግን መልስ ነበራት። ለመርካቶው ጨርቅ አከፋፋይ ለጋሼ ጀማለዲን የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ስትዘረጋ፣ ሲስተሙ በመጀመሪያው ወር አንድም ቀን በትክክል አልቆጠረም። ጋሼም «ይሄን ጉድ ውሰጂልኝ» አሏት። እሷ ኮዷን ትታ ሦስት ሳምንት ጣቃ ላይ ተቀምጣ ሲሸጡ አየች። ለካ ገዢ እሳቸው ዘንድ የሌለ ቀለም ሲጠይቅ «አለ!» ብለው ከጎረቤት ሱቅ ያስመጣሉ፤ ጎረቤትም ከእሳቸው እንዲሁ ይወስዳል። ይህን የመዋዋስ ልማድ ሲስተሙ ውስጥ አስገብታ ከቡድኗ ጋር እንደ አዲስ ሠራችው።

ጠያቂዎቹ ወደዷት፤ ያስታውቃል።

«ግሩም ነው። እስቲ እዚሁ እንደውልላቸው፤ አንቺ ግን እንዳትናገሪ» አለች ሎዛ።

ኢክላስ ደስ እያላት ቁጥሩን ሰጠች። ጋሼ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከድርጅት ነው። ሱቅዎ ያለውን ዕቃ የሚመዘግብ ሲስተም ኢክላስ የምትባል ባለሙያ ሠርታልዎታለች?» አለች ሎዛ፣ ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍታ።

መርካቶ ውስጥ የማይታወቅ ሰው ደውሎ ስለ ዕቃ ሲጠይቅ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግብር። እዚያው ተወልዳ ያደገችው ኢክላስ ይህን እንዴት ረሳችው! ምነው ቁጥሩን ሳትሰጥ ምላሷን በቆረጠው።

«የምን ሲስተም? እኔ በዓይኔ ነው የምቆጥረው» አሉ ጋሼ። «ኢክላስ የምትባልም አላውቅ።» ዘጉት።

«ግብር ሰብሳቢ መስለናቸው ነው» አለች ኢክላስ። ድምጿ እሷን ራሷን አላሳመናትም። ሎዛ በትሕትና ፈገግ ብላ «እንደውልልሻለን» አለቻት። እንደማይደውሉ ሁሉም ያውቃል።

ደረጃውን ስትወርድ ስልኳ ጮኸ።

«ኢክላሴ፣ ስላንቺ የሚጠይቁ ሰዎች ደውለው ነበር» አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ጨርሶ አላውቃትም አልኳቸው። ሲስተሙንም አሁኑኑ አስጠፋሁት፤ ቢመጡም ምንም አያገኙብሽም።»

ኢክላስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ልትጮህባቸው አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት።

«አላህ ይስጥልኝ ጋሼ» አለች።