ሳጥን ሲሄድ፣ ቁስለኛ ሲመለስ

የመራዊው ሰው ዳኘው የፋብሪካ ሾፌር ነበር። ለዓመታት የነዳት ነጭ ፒካፕ ሠራተኛ ከማመላለስ፣ አልፎ አልፎም መሸንቲ ድረስ ዕቃ ከማድረስ ያለፈ መከራ አላየችም። በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ግን ጦርነቱ ከወረታ ወዲያ ሲፋፋም፣ ለግንባር ትፈለጋለች ተባለና ከነሾፌሯ ተወሰደች። ከዚያ ወዲህ ስትሄድ የጥይት ሳጥን፣ ስትመለስ ቁስለኛ ትጭናለች።

ክብደቱን አልቻለችውም። ሳጥኖቹ ሲደረደሩባት ጀርባዋ ወደ መሬት ይሰምጣል፣ አፍንጫዋ ሽቅብ ቀና ይላል። የፊት ጎማዎቹ መሬቱን በወጉ መርገጥ ይተዉና መሪው እጅ ላይ ይቀላል። ትናንት ሐሙሲት ሳይደርስ አንድ ኩርባ ላይ ዳኘው መሪውን ቢጠመዝዘው መኪናዋ አልሰማው ብላ ቀጥ ብላ ነጎደች። ከመንገዱ ጠርዝ የተመለሰችው በስንት መከራ ነው። ያን ሁሉ ጥይት ከጀርባው አዝሎ ቢገለበጥ ምን ይተርፈው እንደ ነበር እያሰበ ሌሊቱን ዓይኑ ሳይከደን አደረ።

ጠዋት መኪናዋን ሐይቁ ዳር ሹም አቦ ሰፈር ወዳለው የሰላሁዲን ጋራዥ ይዟት ሄደ። የትራንስፖርቱ ኃላፊ መቶ አለቃ አስናቀ ሲያሰናብተው፣ «እኩለ ቀን ላይ ተጭና ትወጣለች። የሚያዘገያት ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ» ብሎታል። ዳኘው ያውቃል። አሻጥረኛ ነው የሚባለው። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ሰላሁዲን የቆየ ወዳጁ ነው። መኪናዋ ሥር በጀርባው ተንሸራትቶ ገባና ቆይቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«ባሌስትራው ደክሟል» አለ። ባሌስትራ ከኋላ ጎማዎች በላይ ተደራርበው ጭነቱን የሚሸከሙት ቀስት መሳይ ብረቶች ናቸው። «እንድትስተካከል ከሆነ የምትፈልገው፣ ታኮ ልከትባት እችላለሁ። የኋላ ጎማዎቹን በሚያገናኘው አክስልና በባሌስትራው መሀል የሚገባ ወፍራም ብረት ነው። ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ለሚያያትም ቀጥ ትላለች።»

«እሱን ክተትባታ!»

«ከፍ ይላል እንጂ ብርታት አይጨምርም። ፍሬን ስትይዝ አክስሉ ይጠመዘዛል፤ ጉድጓድ ስትገባም ያው ትሰምጣለች። ሌላው፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና ያወጣሁት ብረት አለኝ። ባሌስትራው ላይ ብደርበው ሳጥንህን እንደ ግድግዳ ትሸከምልሃለች።»

«ታዲያ ምን እያሰብህ ታመነታለህ?»

ሰላሁዲን ዓይኑን ከመኪናዋ ላይ ሳያነሣ መለሰ፤ «ስትመለስ የምትጭነውን ነዋ። ለሳጥን የጠነከረ ብረት ለሰው አይለጠጥም። በየጉድጓዱ ታነጥራቸዋለህ።»

ዳኘው ባለፈው ጉዞ ሆዱን የተመታ ወታደር አምጥቶ ነበር። ሰውየው መጀመሪያ ይጮህ ነበር፣ ቀጥሎ ይለምን ጀመር፣ ዓባይ ድልድይ ሲደርሱ ግን ዝም አለ። ዳኘው እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ዞሮ ለማየት ድፍረት አላገኘም።

«ሌላ የለም?» አለ በቀስታ።

«አለ። ያንኑ ብረት ከባሌስትራው በላይ ክፍተት ትቼለት ለብቻው አስረዋለሁ። ሳጥን ሲጫን ጀርባዋ ይወርድና ብረቱ ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ አጽም ጋር ተገናኝቶ ያግዛል። ሰው ስትጭን ሻንሲውን አይነካም፤ የድሮው ባሌስትራ ብቻውን ይሠራል። ነገር ግን ጫፎቹ የሚያርፉበት መቀመጫ ይፈልጋል። መብራት ስለ ጠፋ መበየድ አልችልም። በእጅ ሰርስሬ በብሎን ልሰረው ብል ለእኩለ ቀን አይደርስልህም።»

ዳኘው ወደ ሐይቁ በኩል አየ። ፀሐይዋ ከዳርቻው ደንገል በላይ ከፍ ብላለች።

«እሱን ሥራው» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ጎማዎቹ ወልቀው፣ መኪናዋ በክሪክ ተሰቅላ፣ ሁለቱም በላብ ተነክረው ሳለ የመቶ አለቃው ጂፕ አጥሩ ጥግ ቆመ። አስናቀ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ ገባ። ቀጭን፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው።

«ምንድነው ይሄ? ለምን አልተገጠመችም?»

ዳኘው ቆሞ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳው። መቶ አለቃው አላቋረጠውም። ሲጨርስ ግን እጁ ወደ ሽጉጡ ማኅደር ሄዶ እዚያው ዐረፈ።

«እኔ የታዘዝኩት ሳጥኑን እንዳደርስ ነው። እዚያ ጥይት ያለቀባቸው ሰዎች አሉ። አንተ ስለ መመለሻው ታወራኛለህ? ታኮውን ክተቱና ጎማዋን ግጠሙ!»

ሰላሁዲን አንገቱን ደፍቶ ታኮውን አነሣ። ብሎኑንም ያጠብቅ ጀመር። ዳኘው ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ እነዳለሁ። እምቢ አላልሁም» አለ። «ብቻ ጥይቱ ሳይጫን በድንጋይ እንሞክራት። እርስዎም አጠገቤ ይቀመጡ።»

ወታደሮቹ ተያዩ። አስናቀ በአገጩ አጥሩ ሥር የተከመረውን የግንብ ድንጋይ አመለከተና፣ «ጫኑ» አለ።

መኪናዋ ተጭና ስትቆም ቀጥ ያለች ነበረች። መቶ አለቃውም አይቷት፣ «ይኸው!» ብሎ ገባ። ዳኘው ሐይቁን ተከትሎ በሚሄደው የአፈር መንገድ ነዳት። ውሃው ከመንገዱ በስተግራ በቅርብ ነው፤ ደንገል የጫኑ ታንኳዎች ዳር ዳሩን ያልፋሉ። ወደ መታጠፊያው ሲቃረቡ ጉድጓድ ገቡ። ጀርባዋ ሰመጠ፣ ታኮው ጓ አለ፣ አፍንጫዋ ተነሣ። ዳኘው መሪውን ጠመዘዘ፤ አልታዘዘችም። ፍሬን ረገጠ፤ ከሥር ብረት በብረት ላይ ጮኸና የኋላዋ ወደ ጎን ተወረወረ። የፊት ጎማዋ ደንገሉን ጨፍልቆ ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ ቆመ። አንድ የታንኳ ቀዛፊ መቅዘፊያውን ጥሎ ጮኸ።

መቶ አለቃው ዳሽቦርዱን በሁለት እጁ እንደ ጨበጠ ቀረ። ዳኘው ሰውየው አሁን እዚሁ ይተኩስብኛል ብሎ ጠበቀ።

«ስንት ሰው አምጥተሃል?» አለ አስናቀ በመጨረሻ።

«ምን?»

«ከዚያ። ቁስለኛ።»

«አልቆጠርሁም ጌታዬ። መቁጠር አልፈለግሁም።»

አስናቀ በሩን ከፍቶ ጭቃው ውስጥ ወረደ። ወደ ውሃው እያየ፣ ሳይዞር፣ «መካኒኩ ያለውን ይሥራው» አለ። «የሚጠይቅ ቢኖር ያዘገየኋት እኔ ነኝ።»

መኪናዋን በጂፑ ጎትተው ጋራዥ ከመለሷት በኋላ፣ ሰላሁዲን ብረቱን አስሮ የጨረሰው ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ነው። መቶ አለቃው ራሱ መሰርሰሪያውን ተቀብሎ አንዱን ቀዳዳ በስቶለታል። ሳጥኖቹ ሲጫኑባት ጀርባዋ በልክ ወረደ፣ ረዳቱ ብረት ሻንሲውን ነክቶ ያዘ፤ መኪናዋም ሳትደፋ ሳትንጋለል ቆመች። በወረታ መንገድ ላይ መሪው በዳኘው እጅ ውስጥ ከብዶ ተሰማው። እንዲህ ያለ ክብደት ደስ ያሰኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። አስናቀም አብሮት ሊሄድ አጠገቡ ተቀምጧል።

ግንባር ሲደርሱ አንድ ሻለቃ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የሻለቃው ጩኸት ከሩቅ ይሰማል። አስናቀ ኮፍያውን አስተካክሎ ወረደና፣ «ያዘገየኋት እኔ ነኝ» ሲል ዳኘው በጆሮው ሰማ። ድንኳኑ ውስጥ ይዘውት ገቡ። በማግስቱ ጠዋት ዳኘው ቢጠይቅ፣ ከትራንስፖርት ተነሥቶ ወደ ምሽግ ተልኳል አሉት። ሌላ የነገረው ሰው የለም።

ቁስለኞቹን ጫኑለት። ዳኘው በእግር ከሚሄድ ሰው ባልፈጠነ ፍጥነት ነዳ። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል። ጩኸት የለም። ዝምታው ከጩኸት ይልቅ አስፈራው። ሐሙሲትን እንዳለፈ የጋቢናው ጣሪያ በቡጢ ተደበደበ። ዘሎ ወርዶ ወደ ኋላ ሮጠ።

ክንዱ በፋሻ የተጠቀለለ ወታደር የመኪናዋን ጎን ተደግፎ ቀና ብሏል።

«ምን ሆናችሁ? ማን ነው የባሰበት?»

«ማንም አይደለም» አለ ወታደሩ በንዴት። «ለምንድነው እንዲህ በየደቂቃው የምትቆመው? ፀሐዩ ፈጀን እኮ! ንዳው እንጂ ሰውዬ!»

ከጎኑ እግሩ የታሰረው ሌላው አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ዳኘው ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን አዳመጠ። ከዚያ ወደ መሪው ተመለሰና ማርሽ ጨመረ።