መጨረሻ የተዘጋው መጀመሪያ ይከፈታል

የካቲት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ዓመት ከአራት ወር በሆነበት ጧት፣ በገዛ እጄ ያጠፋሁትን በገዛ እጄ መለስኩ። ነገሩ ለሌላ ሰው ኢምንት ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ከሠራሁበት ሙያ ጋር የሚተካከል ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

የውኃ ፓምፕ መካኒክ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ኮምፒውተር የነካሁት ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ልጄ ላፕቶፗን ቤት ትታ ሥራ ስትሄድ እከፍተዋለሁ፤ አንድ ነገር እነካለሁ፤ የሆነውን ሁሉ በሰማያዊ ደብተሬ እጽፋለሁ። በዚህ ደብተር የማይስቅ የቤት ሰው አልነበረም። በየነገሩ ቀድሞ መልስ ስለሚሰጥ «ሁሉ አወቅ» ብለን የምንጠራው አማቼ፣ የልጄ ባል፣ «አባባ፣ ይህ ደብተር የሞላ ቀን ኮምፒውተሩ ራሱ እርስዎን ይጠይቃል» ይለኝ ነበር።

ልጄ አዋላጅ ናት። በምትሠራበት ሆስፒታል፣ ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ዘመድ እንዳይቆም የሚከለክል ደንብ ነበር። እሷ ራሷ የተወለደችው በዚያው ሆስፒታል ነው። ሟች ባለቤቴ ብቻዋን ስታምጥ፣ እኔ ከውጭ በር ላይ ከጧት እስከ ማታ ቆሜያለሁ። ልጄ ደንቡ እንዲለወጥ ሁለት ዓመት ተሟገተች። በመጨረሻ የሐኪሞቹ ጉባኤ «ሌሎች ሞክረው ያገኙትን ውጤት ከነምንጩ አሳዪን» ብሎ ለየካቲት 9 ጧት አራት ሰዓት ቀጠራት። እሷም ሦስት ሳምንት ፈልጋ ዐሥራ ዘጠኝ ገጾች አገኘች፤ በብሮውዘሩም ላይ በዐሥራ ዘጠኝ ታብ ከፍታ ተወቻቸው። የትም አልጻፈቻቸውም። ልማዷ ነው፤ ክፍት የሆነ ነገር አይጠፋም ብላ ታምናለች።

የእኔ ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሞተር ቤት የኖረ ሰው የሚሠራ ነገር ትቶ ከክፍል አይወጣም። ዋናውን ማጥፊያም በአንድ ጊዜ አይጫንም፤ ሞተሮቹን ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ ያጠፋል። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ስለ ጉልበቴ ሕመም ላነብ ላፕቶፑን ከፈትኩ። አንብቤ ስጨርስ፣ ከላይ የተደረደሩትን ታቦች አይቼ «ይህ ሁሉ ያለ ሰው ሲሠራ መዋሉ ነው!» አልኩ። ከግራ ዳር ጀምሬ አንድ በአንድ ዘጋሁ። የራሴን ገጽ መጨረሻ ላይ ዘግቼ ማሽኑን አጠፋሁ። ራሴንም አመሰገንኩ።

በማግሥቱ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የልጄን ድምፅ ሰማሁ።

«አባዬ! ገጾቼ የት ሄዱ?»

«እኔ ነኝ የዘጋኋቸው፣ ልጄ» አልኳት። መደበቅ አይሆንልኝም።

ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ብትቆጣኝ በተሻለኝ። «ሦስት ሳምንት እኮ ነው፣ አባዬ። አሁን ከየት አመጣቸዋለሁ? ባዶ እጄን ከሄድኩ፣ ‹ወሬ ነው› ብለው ፋይሉን ይዘጉታል።»

ሁሉ አወቅ የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ መጣ። «ቆይ፣ ቆይ፤ ይሄ ቫይረስ ነው። ሂስትሪውን፣ የተከፈተውን ሁሉ መዝገብ፣ ጠራርጌ ላጥፋና ብሮውዘሩን እንደ አዲስ ልጫነው። ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም» ብሎ ወደ ኪቦርዱ እጁን ሰደደ።

«እጅህን አንሳ!»

ከጡረታ ወዲህ በዚያ ድምፅ ተናግሬ አላውቅም። ሁሉም ደነገጠ፤ እኔም ጭምር።

«አባባ፣ እኔ እኮ ልረዳት ብዬ...»

«ምኑ እንደተበላሸ ሳይታወቅ የቆመ ማሽን አይነካም። አንተ ብሩሽህን ወደ አፍህ መልስ።»

ልጄ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

ደብተሬን አምጥቼ ገጽ ሠላሳ አንድን ገለጥኩ። «ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቲ፣ ሦስቱ በአንድነት ሲጫኑ የተዘጋ ታብ ይመለሳል» ይላል፤ ከሥሩ የቁልፎቹ ሥዕል አለ። የሞከርኩት ግን በአንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ያውም ማሽኑ ሳይጠፋ። አድሮ ይሠራ እንደሆነ አላውቅም ነበር። መነጽሬን አጠለቅሁና ሦስቱን ቁልፎች ተጫንኩ።

«ጉልበት ሲንቋቋ ምን ይበጃል?» የሚል ገጽ ተከፈተ።

«በቃ፣ ለጉባኤው ይህን ታቀርቢያለሽ» አለ ሁሉ አወቅ።

ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የእኔ ልብ ግን ሞቀ። ፓምፕ ስንፈታ ክፍሎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ እንደረድራለን፤ ስንገጥም መጨረሻ ከወጣው እንጀምራለን። መጨረሻ የዘጋሁት የጉልበቴን ገጽ ነበር፤ እሱም መጀመሪያ መጣ። እንግዲያው የቀሩት ከኋላው ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

«ቁጠሪ» አልኳትና ደግሜ ተጫንኩ።

እጇን ከፊቷ አነሳች። «አንድ!... አባዬ፣ የእኔ ነው!»

«አትጩሂ፤ ቁጠሪ።»

ሁለት አለች፤ ሦስት አለች። እኔ ቁልፎቹን ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱ ገጽ ተጭኖ እስኪያልቅ እየታገሥኩ ተጫንኩ። በሰባተኛው ላይ ሁሉ አወቅ ብሩሹን አስቀምጦ አብሮ መቁጠር ጀመረ። ዐሥራ ዘጠነኛው ሲመጣ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ መነጽሬም ወደቀ። አላነሳሁትም።

ያን ጊዜ ሁሉንም በወረቀት አስጻፍኳት።

ወደ ሆስፒታሉ አብሬያት ሄድኩ። ድሮ በቆምኩበት በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ስድስት ሰዓት ላይ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች።

«ፈቀዱ! ከዛሬ ጀምሮ አንድ ዘመድ ይገባል!» አለችኝ። «ዋናው ሐኪም ‹ይህን ሁሉ ማን ሰበሰበልሽ?› አለኝ። ‹እኔ ሰበሰብኩ፤ አባቴ በተነው፤ መልሶም ለቀመው› አልኩት።»

ብዙ ፓምፕ አስነሥቻለሁ፤ ውኃ ሲፈነዳ ሰው እልል ሲል ሰምቻለሁ። እንደዚያች ቀን ግን ደረቴን ነፍቼ የሄድኩበት መንገድ የለም።

ማታ ሁሉ አወቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ደብተሩን ያውሱኛል?» አለኝ።

«እጅህን ታጥበህ ና» አልኩት።

እኔም ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ «ባለቤቱ ሳይጠየቅ የሰው ታብ አይዘጋም» ብዬ ጻፍኩ።

ልጄ ገጾቹ ሃያ አንድ ነበሩ ትላለች፤ እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ቆጥሬአለሁ። አማቼም ብሩሽ አልያዝኩም ይላል። ያረጀ አእምሮ ይስታልና፣ ያን ቀን የነበራችሁና የተሳሳትኩትን የምታውቁ ሁሉ ብታርሙኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ስለ ብሩሹ ግን አልከራከርም፤ በዓይኔ አይቻለሁ።