የዙፋን ሽማግሌዎች

በወግ አዋቂነት አቶ ዱጉማን የሚያክል ሰው በአቃቂ በሰቃ የለም፤ ይህን የሚሉት ደግሞ ራሳቸው ናቸው። ሽማግሌ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ ዘር እስከ ስንት ቤት እንደሚቆጠር ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ ያለ አይመስላቸውም። ምን ያደርጋል! የገዛ ልጃቸው ዙፋን ከእርሻቸው ማዶ የተከፈተው የክር ፋብሪካ ልግባ እያለች ሦስት ወር ሙሉ ነዘነዘቻቸው። ፋብሪካው ተቀብሏታል፤ ነገ ሰኞ ካልገባች ግን ቦታው የሌላ ሰው ነው።

«የዱጉማ ልጅ በፋብሪካ ጡሩምባ ተጠርታ ልትሠራ? ሞቼ እገኛለሁ!»

እሳቸው ያሰቡላት ሮሪሳን ነው፤ የባለ አርባ ከብቱን የደበላን ልጅ። ባለፈው ገበያ ከደበላ ጋር ነገሩን በዘወርዋራ አንስተውት ነበርና ከዚያ ወዲህ ዓይናቸው ከደጅ አልተነቀለም።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ደጁ ላይ ቆሙ። ፊተኛው በምድር ባቡር የሚሠሩት ጎረቤታቸው አቶ ተሰማ ናቸው። የአቶ ዱጉማ ልብ ዘለለች፤ ፊታቸውን ግን አኮሳተሩት። የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ፊት ይስቃል እንዴ!

«ቤት ለእንግዳ፤ ግቡና ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ተሰማ። «ስለ ልጅዎ ስለ ዙፋን ነው የመጣነው። እሺ ካላሉን እንደ ቆምን እንመለሳለን።»

ወግ አዋቂ እዚህ ላይ «ነገሩ ምንድን ነው? ከየትኛው ቤት ነው?» ይላል። ከዚያም «ዘመድ ላማክር፣ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» ይላል። አቶ ዱጉማም ይህንኑ ሊሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይሄኔ ከጣቢያው በኩል ባቡር ጮኸ።

«የእኔ ባቡር ነው» አሉ አቶ ተሰማ ሰዓታቸውን እያዩ። «ድሬዳዋ ደርሼ እስክመለስ ሳምንት ነው። እምቢ ካሉንማ እንሂድ።»

ሊሄዱ! አርባው ከብት ጭራውን እየቆላ የሌላ ሰው ግቢ ሲገባ ታያቸው። ከጓዳ የባለቤታቸው የወይዘሮ ዳሲቱ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ነው ብለው የሚያለቅሱ መሰላቸው።

«ኧረ ቆዩ! እሺ ብያለሁ! አቦን፣ እሺ ብያለሁ!»

ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ተቀመጡ። አቶ ተሰማም እግራቸውን ዘርግተው ተደላደሉ፤ ባቡሩ ትዝም አላላቸውም።

«ሰርጉን ታዲያ ደበላ ለመቼ አለ?» አሉ አቶ ዱጉማ።

«የምን ደበላ? እኛን የላከችን ዙፋን ናት። ነገ ፋብሪካ እንድትገባ ፈቀዱላት፤ እግዜር ይስጥልን።»

አቶ ዱጉማ ብድግ አሉ። «በሰንበት ታታልሉኛላችሁ?»

«ምንድን ነው ብለው መቼ ጠየቁን?»

ይቺ አጥንታቸው ድረስ ዘለቀች። ሽማግሌ ፊት የሰጡትን ቃል ቢያጥፉ ከእንግዲህ ማን ሰው ይላቸዋል? ዙፋን ከጓዳ ወጥታ አንገቷን ደፍታ ቆመች። እናቷ ከኋላዋ አፋቸውን በነጠላ አፍነዋል፤ ለካ ሲስቁ ነው የቆዩት።

«አንቺ! እኔን በገዛ ወጌ!»

«እኔን አልሰማ ሲሉኝ ምን ላድርግ አባባ? ሽማግሌ እንደማያሳፍሩ አውቃለሁ። ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉ?»

«የጎረቤቶቻችን የእነ አሰፋች ልጆች ማንንም ሳይጠይቁ ኮብልለው ፋብሪካ ገብተው የለ? አንቺን ምን ያዘሽ?»

ዙፋን እንባዋ መጣ። «ሳይመርቁኝ ብገባ ምን ይቀናኛል?»

አቶ ዱጉማ ሦስት ወር ሙሉ የፈሩት፣ ደሞዝ ስትይዝ አባት አያስፈልጋትም ብለው ነበር፤ ይህን ለሰው ቀርቶ ለሚስታቸውም አልተናገሩም። አሁን ግን ያቺው ልጅ ምርቃታቸውን ፈለገች።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አሉ። «ነይ፣ ተንበርከኪ።»

እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። «ክርሽ አይበጠስ። እጅሽን ይባርከው። ክፉ አይይሽ።» ከዚያ አቶ ተሰማን በጎሪጥ አዩ። «አለቃሽንም እንደ እኔ ሞኝ ያድርግልሽ!»

«አሜን!» አሉ ሁሉም። ከሁሉ አብልጠው የጮኹት ወይዘሮ ዳሲቱ ነበሩ።