የሠርጓ ልክ

የሐመልማል ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ዛሬ ክርስትና ልትነሳ ነው። ታክሲው በር ላይ ቆሟል፤ ሐመልማል ግን መኝታ ቤት ገብታ ከአዲስ ቀሚስ ጋር ትታገላለች። ያሰፉላት አማቷ እትዬ ማሚቴ ናቸው። ሳትሰማ ላስደስታት ብለው ሽሮ ሜዳ ሄደው ለሰፊው የሰጡት ልክ የሠርጓን ነው። የሠርጓን እኮ ነው፤ በመሃል ልጅ ያልወለደች ይመስል።

ዚፑ ወገቧ ላይ ደርሶ እምቢ አለ። ትንፋሿን ውጣ ሳበችው፣ ንቅንቅ የለም።

ደሟ ፈላ። ገንፎውን በቅቤ አጥለቅልቀው፣ አጥሚቱን አፏ ላይ ደቅነው «ጠጪ፣ ለወተቱ ነው» ሲሏት የከረሙት አማቷና ዘመድ አዝማዱ ናቸው። ሰሞኑን ደግሞ እነዚሁ ሰዎች «ውይ፣ ሆድሽ አልገባም እንዴ? መቀነቱን አላጠበቅሽውማ» ይሏታል። ባሏ ቢኒያም እንኳ «ስፖርት ትጀምሪያለሽ፣ በቃ» ብሏት ስልኩን ይነካካል።

እትዬ ማሚቴ በሩን ከፍተው ገቡ። «ቄሶቹ እየጠበቁን እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ልጅቷን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አልሄድም።»

«እናት የሌለችበት ክርስትና ደግሞ የት አገር አለ? ጀርባሽ እንደሆን በነጠላ ይሸፈናል።»

«አዎ፣ ሁሉንም በነጠላ ሸፍኑት። ጠዋት መንቃት ማስጠላቱንም ሸፍኑልኝ። እሷ ስታለቅስ አብሬ ማልቀሴንም።» ዚፑን ለቀቀችው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ ወደ ልጅቷ ከማለፍ ሌላ፣ ቆሞ እኔን የጠየቀኝ አንድ ሰው አለ?»

እትዬ ማሚቴ በሩን ዘግተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ቢኒያምን የወለድኩ ጊዜ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዙሬው ነበር። ራሴን ማየት አስጠልቶኝ። ለምን አዞርሽው ያለኝ ሰው አልነበረም።» ቀና ብለው አዩዋት። «እንዴት ነሽ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር...» ብላ ሐመልማል በልማድ ጀመረችና አቆመች።

«ደህና አይደለሁም፣ እትዬ።»

ውጭ ታክሲው ጥሩንባውን ነፋ። እትዬ ማሚቴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ቢኒያምን በመስኮት ተጣሩ።

«ይጠብቅ በለው» አሉት። «ቄሶቹም ይጠብቁ። ሐመልማል እያወራችኝ ነው።»