ዕጣ አውጪዋ

ለዕጣ የሚጥሉትን እንዳታይ ውጪ ቁሚ ይሏታል፣ ምኑን እንዳታይ፣ የአሥራትን የመኪና ቁልፍ ነው፣ አባቱ ከታመመ ጀምሮ በጣቱ ሲያሽከረክረው የከረመውን፣ ወይስ የትርሲትን ጉትቻ፣ ለአባቷ ተዝካር አድርጋው መጥታ ካህኑ ሳይቀሩ ዓይናቸውን የጣሉበትን፣ ዓይኗን በጨርቅ ቢያስሯት በእጇ ዳስሳ የማን ምን እንደሆነ የምትለየውን ሴት ውጪ ያቆሟታል፣ ይሄም ብልሃት ሆኖ። የሺሃረግ የምግብ ቤቱን በር ከኋላዋ ትዘጋና ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ትቆማለች። ሰኞ ነው። ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ስለሆነ ባለቤቱ ግርማ የኋላውን ክፍል ለውርስ ሽምግልናው በነፃ ሰጥቷል፣ በነፃ መስጠቱንም ላልጠየቀው ሁሉ ነግሯል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እሷ ጥቁር በጥቁር ናት፣ ነጠላዋ ሳይቀር ጥቁር፣ ማዶ አንድ ፈረንጅ ውሻውን ጫማ አልብሶ ያንሸራሽራል፣ ለውሻ ጫማ፣ ይሁን፣ እዚህ አገር ውሻ እንኳ የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት አለው።

በነገሩ የሌለበት ሰው ያውጣው አሉ ጋሼ ወርቁ፣ ዋናው ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ሦስት ልጆች ናቸው፣ ሦስት ድርሻ አውጥተናል፣ የሃውቶርኑ ቤት አንድ፣ ይሄ የፌርፋክሱ ሕንፃ ሁለት፣ ፒኮ ላይ ያለው የመኪና ማቆሚያ ሦስት፣ ዕጣውን የሚያወጣው ግን ምንም የማያገኝ ምንም የማያጣ ሰው መሆን አለበት፣ ያወጣ ሰው ምስክር ነው፣ ነገ ቅር ያለው ቢኖር ተጠርቶ የሚናገረው እሱ ነው፣ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። የአባቶቻችን። ጋሼ ወርቁ ግንባራቸው ላይ የሰቀሉትን መነጽር ከኪሳቸው የሚፈልጉ ሰው ናቸው፣ የአባቶቻቸውን ሥርዓት ከየት አገኙት። ግርማ ያውጣ ተባለ፣ አይ ግርማ አይሆንም፣ ግርማ የዚህ ሕንፃ ተከራይ ነው፣ ማን አከራዩ እንደሚሆን ይመለከተዋል፣ ልክ ነው፣ ልክ ነው፣ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ግርማን ይመለከተዋል። ለግርማ እንዴት አሰቡለት።

ከዚያ ዮአብ፣ ትንሹ፣ ስልኩን ሳያስቀምጥ፣ እትዬ የሺ ታውጣው፣ እሷ ኒውትራል ናት፣ አለ። ኒውትራል። ኒውትራል የምታውቀው በመኪና ማርሽ ነው፣ መኪናው ወደ ፊትም ወደ ኋላም የማይልበት፣ ሰው ገፍቶ ወደ ፈለገው የሚወስደው። አፍንጫውን እየጠረገች ያሳደገችው ልጅ፣ እናቱ ሞታበት ገና በጡጦ የሚተኛ፣ ጆሮዋን ካልያዝኩ ብሎ እያለቀሰ የሚያስቸግር፣ ጆሮዋ እስኪያብጥ ያስያዘችው ልጅ። ደግሞ ክፋት የለውም፣ የሚያንገበግባት እሱ ነው፣ እንደ ምስጋና ነው ያለው፣ ሁሉም ደስ አላቸው፣ አሥራት እንዲያውም ጉድ አይዲያ አለና ወደ ክትፎው ተመለሰ።

አርባው ቅዳሜ ወጣ። እሑድን እንዴት እንደታገሱ እግዜር ይወቅ።

ሀይለገብርኤል፣ አባታቸው፣ ነፍሱን ይማረው፣ ትንሽ አሽቶ ቢምረው ግን አይከፋትም። መሬት መሬት ሲል ኖሮ መሬት ገባ። የአባቱን ርስት ደርግ ወርሶበት፣ ያ ቁጭት ሳይወጣለት እዚህ መጥቶ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ዕድሜውን ፈጀ፣ ቆሞ ያጠራቀመውን አፈር ላይ አፈሰሰ፣ መጀመሪያ የሃውቶርኑን፣ አራት ተከራይ የሚይዘውን፣ እሷም ከሱ ጋር ከኋላ በኩል የኖረችበትን፣ ቀጥሎ ፒኮ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ፣ በመጨረሻ ሰው ሁሉ ቤቱን ለባንክ እያስረከበ በሚያለቅስበት በዚያ ክፉ ዓመት ይሄን ሕንፃ፣ ሰው ሲያለቅስ እሱ ገዛ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባዶው ቦታ ይወስዳታል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ባላባት ይንጎራደዳል፣ ከዚህ እስከ አጥሩ ይላታል፣ እስከ አጥሩ ድረስ የሺዬ። የሞተር ዘይት የፈሰሰበት አስፋልት ነው፣ እሷም አብራ ትንጎራደዳለች፣ ነጭ ለብሳ፣ ሞኝ።

ፊርማ ግን የለም። ልጆቹ ገና ናቸው፣ የእናታቸው ሐዘን አልወጣላቸውም፣ ትርሲት ታኮርፋለች፣ ትርሲት ስታገባ እንጋባለን። ትርሲት አገባች፣ ፈታች፣ ሌላ አገባች፣ እሱ ገና ያስብበት ነበር። ሲያመው ይሄ የሃውቶርኑ ቤት ያንቺ ነው ይላታል፣ እጇን ይዞ፣ እንባ አቅርሮ፣ ሲሻለው የላይኛው ተከራይ ከፈለ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ልብ ድካም ሲሉት ያንቺ ነው፣ ስኳር ሲሉት ያንቺ ነው፣ ኩላሊት ሲሉት ያንቺ ነው፣ ጤንነት ላይ ግን ቤቱ የሱ ነው። ኑዛዜ ጻፍ ያሉትን ሁሉ ተቀየመ፣ የሚናዘዝ ሰው ይሞታል ይላል፣ ሳይናዘዝ ስንት ዘመን ሊኖር እንዳሰበ አልነገራትም። ወደደችው፣ ናቀችው፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው። ከሱ አብልጣ የምትንቀውን ደግሞ ታውቃታለች፣ ዛሬ ይፈርማል ነገ ይፈርማል እያለች ቧንቧ ሠሪ ስትጠራ፣ ኪራይ ስትለምን፣ የሰው ሽንት ቤት ስታስከፍት የኖረችውን ሴትዮ።

አውቶቡሱ ያልፋል፣ አቧራውን ፊቷ ላይ ይተዋል። ተከራዮቹ ሴኞራ ይሏታል፣ የባለቤቱ ሚስት፣ የሳልቫዶር ሰዎች ናቸው፣ የሐበሻ ወሬ አይሰሙም። ሐበሻው ሁሉን ያውቃል፣ ቁርባን የለ፣ ሰማንያ የለ፣ ቀለበት የለ። ቀብሩ ላይ ግማሹ እግዚአብሔር ያጥናሽ ብሏት አለፈ፣ ግማሹ ደግሞ እሷኑ ቤተሰቡ በየት በኩል ነው ብሎ ጠየቃት፣ በእጇ አሳየች፣ በዚያ በኩል፣ ፊት ያለው ወንበር ላይ፣ ሦስቱም ጥቁር መነጽር አድርገው። ከዚያ ወደ ኩሽና ወርዳ እንግዳ አበላች። አልቅሳለች፣ የት እንዳለቀሰች እንኳ ትዝ አይላትም፣ መጥበሻ ስታጥብ ሳይሆን አይቀርም።

ለማን ይደርስ ይሆን። አሥራት ገና ሳይጀመር ተናግሯል፣ ቶራንስ ቢሮ ያለው አሥራት፣ ቢሮውን ሳይጠራ ሰላም የማይል፣ ሃውቶርን ለቢሮዬ ቅርብ ነው፣ ሶ ለእኔ ቢደርስ ይመቸኛል፣ ወደሷም ዞሮ፣ እትዬ የሺ አይዞሽ፣ ማንም ራሽ አያደርግሽም፣ ማርኬት ላይ እስኪወጣ ድረስ ታይምሽን ውሰጂ። ሲናገር አገጩ ላይ ቅቤ ነበረ፣ እንዳለ ተወችው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሶፍት ታቀብለው ነበር። ትርሲት ከደረሳት ኪችኑን ታፈርሰዋለች፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል ብላለች፣ ይላል እንጂ፣ ፒኮ ሮበርትሰን ላለው ቤትሽ ለፋሲካ ለገና ዶሮ ወጥ በዕቃ የሚጫንልሽ ከየት መሰለሽ።

ለዮአብ ከደረሰ ግን።

ዮአብ አያስወጣትም። ይሄን ታውቃለች፣ እንደ ስሟ። የዮአብ ዕጣ ምን እንደሚሆንም ታውቃለች፣ ያቺ ኪሱ ውስጥ የማትጠፋው የኮምፒውተር ፍላሽ፣ ከስልኩ ሌላ ምንም ይዞ አያውቅም፣ ትንሽ፣ ጫፏ ብረት፣ ልብሱን ስታጥብ ስንት ጊዜ ከኪሱ አውጥታለታለች። የመጀመሪያው ለሃውቶርኑ ነው ይባላል፣ እጇን ታገባለች፣ ፍላሿን ታወጣለች፣ በቃ፣ ማን ያውቃል፣ ዕጣ ነው፣ የእግዜር ሥራ ነው ይሉታል፣ ጋሼ ወርቁ በደስታ ያለቅሳሉ። አልጋዋ አልጋዋ ይሆናል። ምስክሯም እሷ፣ ምንም የማያገኝ ምንም የማያጣ ሰው።

በሩ ይከፈታል፣ ትርሲት ናት፣ ጆሮዋ አንዱ ባዶ ነው፣ እትዬ የሺ፣ ኦኬ ነን፣ ግቢ።

ትገባለች፣ ከፀሐይ ወደ ጨለማ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታያት የጋሼ ወርቁ ራስ ነው፣ ባርኔጣቸው የለም፣ ባርኔጣቸው ጠረጴዛው መሐል ተገልብጧል፣ በሶፍት ተሸፍኗል፣ የስንት ዓመት ላብና ቅባት የጠጣ ባርኔጣ፣ የሀይለገብርኤል ንብረት በዚህ ይከፈላል። አሥራት ቁልፍ የሌለው ጣቱን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጠረጴዛውን ይደበድባል። በይ የሺዬ፣ ይላሉ ጋሼ ወርቁ፣ በስመ ሥላሴ በይና እጅሽን አግቢ፣ የመጀመሪያው ለሃውቶርኑ ቤት ነው፣ ያወጣሽውን ለሁላችንም አሳዪ።

ታገባለች። ቁልፉ፣ ከባድ፣ ባለጌ። ጉትቻው፣ ይወጋል፣ እንደ ባለቤቱ። ፍላሿ። ከጣቶቿ መሐል ትገባለች፣ ለስላሳ፣ ቀላል፣ ጫፏ ብረት፣ ያዘቻት፣ አሁን ማውጣት ብቻ ነው የቀራት፣ እና ከዚያ በኋላስ፣ ዮአብ እትዬ የሺ አትነሺም ይላታል፣ እሷ ተባረክ ትለዋለች፣ በየበዓሉ ተባረክ ትለዋለች፣ ዮአብ ያገባል፣ ሚስቱ ከኋላ ያለችው ሴትዮ ማን ናት ትለዋለች፣ እሱም። እሱም ምን ይላል። ማለቱን ብሎታል እኮ፣ ሆስፒታል፣ ነርሷ እሷ ማን ናት ስትለው፣ እሷ የአባቱን የሽንት ዕቃ ይዛ ቆማ፣ የአባዬ ኬርቴከር ናት ብሏል፣ ተቀጥራ የምታስታምም ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ ፈገግ ብሎ። ነርሷም ፈገግ አለችላት። እሷም፣ ውርደቷ፣ እሷም ለሁለቱም ፈገግ አለች።

ፍላሿን ትለቃታለች።

ባዶ እጇን ታወጣለች፣ ምነው አልያዘልሽም እንዴ ይላሉ ጋሼ ወርቁ። አገጯ ሥር ነጠላዋን የያዘውን መርፌ ቁልፍ ትፈታለች፣ ነጠላው ከትከሻዋ ይንሸራተታል፣ ይንሸራተት፣ መርፌ ቁልፉን ማንንም እንዳይወጋ ትቆልፈዋለች፣ ባርኔጣው ውስጥ ትጥለዋለች። 

ይሄ ምንድን ነው ይሏታል። የኔ ዕጣ ነው ትላለች። እትዬ የሺ፣ ይላል አሥራት፣ ሊስን፣ በዚህ አገር ሎው ይሄ አይሆንም፣ ሎየሩ ሦስት ወራሽ ነው ያለው። ሎየርህ ጋ ስትሄድ የሱን ታወራለህ፣ ትለዋለች፣ እዚህ የጠራችሁኝ በአባቶቻችሁ ሥርዓት ነው፣ ጋሼ ወርቁ፣ እርስዎ ምንም የማያጣ ሰው ያውጣው አላሉም፣ እኔ ባሌ ነው የሞተብኝ። ባሌ። እስከ ዛሬ ለሰው ብላው አታውቅም፣ የኔ ሰውዬ፣ ጋሼ ሀይሌ፣ የዮአብ አባት፣ ይሄን ሁሉ ብላለች፣ ባሌ ብላ አታውቅም፣ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጮክ አለባት፣ አትመልሰውም። ትርሲት ማይ ጋድ ትላለች፣ ትበል። ዮአብ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ያያታል፣ ጆሮው ቀልቷል፣ ልታዝንለት ትጀምርና ትተወዋለች፣ በኋላ፣ ሌላ ቀን።

ጋሼ ወርቁ ሶፍቱን ገልጠው ባርኔጣቸው ውስጥ ያያሉ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው እንደገና ያያሉ። ሦስት ድርሻ ነው የሺዬ፣ ይላሉ፣ ድምፃቸው አንሷል፣ አራት ዕጣ ሆነብን፣ ምን ይሻላል። ተከፍሎ አለቀ ካላሉኝ፣ ትላለች፣ እንደገና ይከፈላል፣ ወንበር ትስባለች፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ነው የዋለችው፣ ከአሥራት አጠገብ ትቀመጣለች።