ጫጩቷ ሲበርዳት

«ጫጩቷን ደግሞ ጀመራት» አለችው እናቱ፣ ዝናቡ የገባ ሰሞን። እሱ ገና በር ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ እየጠረገ ነበር።

«የምን ጫጩት?»

«የምን ጫጩት ይለኛል እንዴ። መኝታ ቤት ናታ። ሲበርዳት ይብስባታል።»

ጆሮውን አቀና። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ውሃው በመስኮቱ መስታወት ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ መጋረጃው ነፋስ እየገባበት ይነፋና መልሶ ይከሳል። ጫጩት የሚባል ነገር የለም። እናቱ ግን አንገቷን ወደ መኝታ ቤቱ ዘንበል አድርጋ «ይኸው» አለችና ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ሥራው የእሳት አደጋ መከላከያ ዕቃ መግጠምና መጠገን ነው። በየፎቁና በየመጋዘኑ እየዞረ የጭስ አላርም ይሰቅላል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ የእሳት ማጥፊያ ይመዝናል፣ ሳይረን እያስጮኸ ይሞክራል። ሃምሳ ዓመቱን ከደፈነ ቆይቷል፤ እናቱና ታላቅ እህቱ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው የሚሉት። እኛም ማሙሽ እንበለው፤ በሌላ ስም ብንጠራው ዞሮ አያየንም።

ማሙሽ በወጣትነቱ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ለሥራው ዕቃ ሁሉ ስም ያወጣ ነበር። ትልቁን ደወል «አማት» ይለዋል፤ አንዴ ከጀመረች ማን ያስቆማታል ብሎ። የእሳት ማጥፊያውን «ዘበኛው» ይለዋል፤ ግድግዳ ተደግፎ ዓመቱን ሙሉ ስለሚተኛ። ከሥራ ሲመለስ ይህን ሁሉ ለእናቱ እየተረከ ሆዷን እስኪያማት ያስቃት ነበር። በኋላ ኃላፊነት መጣ፣ ሽበት መጣ፣ ጨዋታውም ተረሳ። እሱ ረሳው ማለቴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዓለም ለማሙሽ ለስለስ ብላለት ነበር። ጠዋት ጠዋት የወፎቹ ጫጫታ ቀርቷል። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንደ ድሮው አይንጫጫም፤ ጥጥ ላይ እንደሚወርድ ነው። ሰዉ መንገድ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ ማሙሽም ሰው ጨዋ ሆኗል ብሎ ደስ ይለዋል። ማንቆርቆሪያው ውሃ ሲፈላ ማፏጨት ሲተው ተበላሸ ብሎ አውጥቶ ጣለና ሌላ ገዛ። አዲሱም አላፏጨም። የዘንድሮ ዕቃ ብሎ ተወው። አንዳንዴ ከሥራ ሲመለስ በሕልም ውስጥ የሚሄድ ይመስለዋል፤ መኪናው ይንሳፈፋል፣ ዛፉ ይወዛወዛል፣ ሁሉም ነገር ሹክ ይላል። ይህን ጸጥታ ወዶት ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ወደ ጫጩቷ እንመለስ። ማሙሽ መቼም ባለሙያ ነው፤ ቤት ውስጥ ድምፅ ተሰማ ሲባል ከየት እንደሚጀመር ያውቃል። መሰላል ዘረጋ፣ መኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ የሰቀላትን የጭስ አላርም የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫነ። አላርሟ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። እናቱ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሰማሽ? ጤነኛ ናት።»

«እሷን መች አልኩህ። ጫጩቷን ነው ያልኩህ።»

ባትሪ ቀየረላት። አቧራዋን በብሩሽ ጠረገላት። በሌላ ቀን ሲመጣ እናቱ «አላረፈችም» አለችው፤ አላርሟን አውርዶ ካርቶኗ ያልተከፈተ አዲስ ሰቀለ። የሳሎኑንም ፈተሸ፣ የማድ ቤቱንም ፈተሸ። ሌላ ቀን ሲመጣ እናቱ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ አገኛት፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እንቅልፍ ነሳችኝ፣ ማሙሽ። ዝም ትላለች፣ ተገላገልኩ ስል ደግሞ ጭው።»

ጎረቤቷን አምጥቶ አስደመጠ። ሴትየዋ የመጣችው ፀሐይ ወጥቶ ቤቱ በሞቀበት ቀትር ነበርና ጥቂት አዳምጣ ምንም የለም አለች። ስትወጣ ማሙሽን በርኅራኄ አየችው። አባቱ ካረፈ በኋላ እናቱ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ የፈራው የእርጅና መርሳት መጣ ብሎ አመነ።

ለታላቅ እህቱ ደወለ። እህቱ ሌላ ከተማ የምትኖር ነርስ ናት፤ ወሬ አታበዛም፣ ውሳኔዋም እንደ መርፌ ነው፣ ሳታየው ገብቶ ይወጣል። እናቷን በስልክ አነጋገረችና መልሳ ደወለች።

«ጫጩት ቤት ውስጥ እያለቀሰች ነው አለችኝ። ማሙሽዬ፣ እማዬ እየሄደችብን ነው።»

«ሌላው ነገሯ እኮ ደህና ነው፣ እትዬ።»

«ሲጀምር እንዲህ ነው። ብቻዋን ምድጃ እየለኮሰች አትኖርም። እኔ ጋ ትሁን። ቤቱ ይከራያል። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ለእናቱ የነገራት እሱ ነው። ከባልዋ ጋር የሠራችው ቤት ነው፤ መብራት ቢጠፋ ግድግዳ ሳትነካ የምትሄድበት፣ መስኮቱ ስር ቁጭ ብላ መንገደኛውን በአረማመዱ የምትለይበት ቤት። ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልተቆጣችም። የታጠበውን ስኒ ደግማ አጠበችና «ከቤቴ ልታወጡኝ ነው» አለች። ማሙሽ ወጥቶ መኪናው ውስጥ አለቀሰ።

ቅዳሜ ዘነበ። እህቱ ከሰዓት እደርሳለሁ ብላለች። ማሙሽ ቀድሞ መጣ፤ ተከራይ ከመግባቱ በፊት አላርሞቹን ሁሉ አንዴ ልፈትሽ ብሎ የሥራ ቦርሳውን ይዟል። እውነቱን ከፈለጋችሁ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ ነው። እናቱ መኝታ ቤት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልብሷን ታጥፋለች። ክፍሉ ቀዝቅዟል፤ ብርሃኑ በዝናቡ ውስጥ አልፎ ስለሚገባ ሰማያዊ ነው፤ የእናቱ እጅ፣ ልብሱ፣ ትራሱ፣ ሁሉም ከውሃ በታች ያለ ይመስላል።

ማሙሽ ከቦርሳው የድምፅ መለኪያውን አወጣ። ሳይረን ሲሞከር ምን ያህል እንደሚጮህ በቁጥር የሚናገር፣ ከእጅ የማይበልጥ ዕቃ ነው። አልጋው ላይ አኖረው፣ የአላርሟን ቁልፍ በእንጨት ተጫነ፣ አላርሟ ጮኸች፣ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። ለቀቃት። ቁጥሩ ወርዶ ታች ተኛ። ክፍሉ ዝም አለ፤ ማሙሽም አጠገቧ ተቀመጠ። በዚህ ቤት እንዲህ አብረን ስንቀመጥ ይህ መጨረሻው ነው ብሎ አሰበ።

ቁጥሩ ዘለለ።

ዘሎ ወዲያው ወረደ። ማሙሽ ዓይኑን አሸ። ማን ነካው? እናቱ ልብስ የምታጥፍበት እጇ ባለበት ቆሟል።

«ይኸው» አለች በቀስታ፣ ለራሷ ያህል።

«ምኑ?»

«ተወው። ጫጩት ብዬ ላስቆጣህ አልፈልግም።»

መለኪያውን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ጠበቀ። ትንፋሹን ያዘ። እናቱ የሟች ባልዋን ሸሚዝ እጅጌ እያስተካከለች ነበር። እጇ ቆመ። ቁጥሩ ዘለለ። ጆሮው ውስጥ ያ የለመደው ለስላሳ ጸጥታ ብቻ አለ። እንደገና ጠበቀ። እጇ ቆመ፤ ቁጥሩ ዘለለ። ማሙሽ በርካታ ዕቃ ይጠረጥራል፣ ይህንን መለኪያ ግን አይጠረጥርም።

ተነሣ። መለኪያውን ፊት ፊቱ ይዞ በክፍሉ ውስጥ በዝግታ ዞረ። ወደ በሩ ሲሄድ ዝላይዋ አነሰች። ወደ ቁም ሳጥኑ ሲቀርብ በረታች። ከፈተው። የአባቱ ካፖርት እንደተሰቀለ ነው፤ ኪሱ እጅ እንዳለበት ዛሬም ያበጠ ነው። ከካፖርቱ በታች የጫማ ካርቶን አለ። ክዳኑን አነሣ፤ ከአባቱ ያረጀ ጫማ ጎን ቢጫ የሆነች የድሮ የጭስ አላርም ተኝታለች። ከዓመታት በፊት ከዚሁ ክፍል ኮርኒስ ያወረዳት ራሱ ነው። ትቀመጥ፣ መለዋወጫ ትሆናለች ብሎ እዚህ ያስቀመጣትም ራሱ ነው። ባትሪዋን አላወጣም ነበር።

በየሰው ቤት እየገባ «አላርም አለቦታው ጮኸ ካላችሁ ያወረዳችሁትን አሮጌ ከየመሳቢያው ፈልጉ፤ ሲበርድ ባትሪ ይደክማል» እያለ የሚመክረው ይኸው ማሙሽ ነው። የራሱን እናት ግን ካገር ሊያስወጣ ነበር።

አላርሟን ጆሮው ላይ ለጠፋት። ምንም። ጉንጩ ላይ አስደገፋት። ጥቂት ቆይቶ ጉንጩን አንድ ነገር ቆንጠር አደረገው፤ ጥሬ እንደሚለቅም አፍ። ድምፅ የለም። ወፎቹ ትዝ አሉት። ማንቆርቆሪያው ትዝ አለው። ያ ሁሉ ጨዋ ሰው ትዝ አለው። ስንት ዘመን ሳይረን ስር ጆሮውን ሳይሸፍን የቆመ ሰው ነው፤ አይ ጸጥታ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ አላርም ናት እኮ።»

«አዎ» አለች እናቱ።

«ታውቂ ነበር? ታዲያ ምነው አላርም ባትዪኝ? ጫጩት፣ ጫጩት ነው ያልሽኝ።»

እናቱ ሸሚዙን አስቀመጠችና አየችው፤ በዚያ ሰማያዊ ብርሃን ፊቷ የሕፃን ይመስላል።

«የት እንዳለች አላወቅኩም፤ ጫጩት መሆኗን ግን አውቃለሁ። ስሟን ያወጣህላት አንተ አይደለህም እንዴ? ሥራ የያዝክ ሰሞን። ‹ባትሪዋ ሲደክም ጫጩት ትሆናለች፣ እማዬ፤ የሰማሽ ቀን ጥሪኝ› አልከኝ። ስሰማት ጠራሁህ።»

አማት፣ ዘበኛው፣ ጫጩት። ሦስተኛዋን ረስቷት ነበር። ካልሰማት ዓመታት ስላለፉ ስሟም ጠፍቶበታል። እንዲህ አፈረ ብዬ ብነግራችሁ ያንስበታል።

መኪና ቆመ፤ እህቱ ባዶ ሻንጣ ይዛ፣ ፀጉሯ እርጥብ ሆኖ ገባች። እናቷን ሳትስም በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«ምንድን ነው ይሄ የሚጮኸው?»

ማሙሽ አላርሟን መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያት። «ጫጩቷ ናት፣ እትዬ። እማዬ ምንም አልሆነችም። የማልሰማው እኔ ነኝ።»

እህቱ አንዴ እሱን አንዴ አላርሟን አየች። ከዚያ ሻንጣውን ወለሉ ላይ ለቀቀችና ከኋላው ዞራ፣ አንገቱ ስር ጎንበስ ብላ አንድ ነገር በሹክሹክታ አለች። አልዞረም። ነርስ ናትና ለመመርመር ነው ያደረገችው፤ ምርመራው ሲያልቅ ግን እጇን ትከሻው ላይ ጥላ ቆየች።

«ሰኞ ሐኪም ጋ እወስድሃለሁ» አለችው ፊት ለፊቱ መጥታ፣ ጮክ ብላ።

«ሥራዬስ?»

«ጆሮህን ያሳጣህ እሱ አይደለም እንዴ? ሰኞ።»

እናትየዋ በዚህ መሀል የታጠፈውን ልብስ አንድ በአንድ ወደ ቁም ሳጥኑ መመለስ ጀምራለች። ማንንም አላስፈቀደችም። ባዶውን ሻንጣ በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋው ስር ከተተችው፤ «ከመጣሽስ እስከ ሰኞ እደሪ» አለች ልጅዋን። እህትየዋም ኮቷን አውልቃ ከእናቷ ጋር ልብስ መስቀል ያዘች። ስለ ኪራይ ያነሣ የለም።

ማሙሽ የአላርሟን ክዳን ከፍቶ ባትሪዋን ሊያወጣ ሲል እናቱ እጁን ያዘችው።

«ቆይ እስቲ። የኔን ድምፅስ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ፣ እማዬ። ያንቺ ወፍራም ነው።»

«እስካሁንም ስትሰማው ነበር?»

«እንዴታ። ሁልጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አልሰማኸኝም?»

ቁጣ አልነበረባትም። በእውነት ቸግሯት ነው የጠየቀችው። አንገቱን ደፋ። እናቱ እጁን ለቀቀችለት፣ ባትሪዋን አወጣ። ጫጩቷ በየትኛው ቅጽበት ዝም እንዳለች እሱ አላወቀም። ቀና ብሎ የእናቱን ፊት ማየት ጀመረ፤ እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች፣ እሱም መለኪያውን ትቶ እሷን ብቻ ጠበቀ።

«ተኛች» አለችው።